ምግብ የሚመርጡና ምግብ የሚፈሩ ልጆች

ምግብ የሚመርጥ ልጅ ቶሎ "ሞልቃቃ" ይባላል። ይህ ስም ልጁንም ወላጁንም ይበድላል። አብዛኞቹ ልጆች አልበላም የሚሉት ለእልህ አይደለም። የማያውቁት ምግብ ያስፈራቸዋል።

ፍርሃቱ የሚበረታው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ልጁ በእግሩ እየሄደ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት ጊዜ በመሆኑ፣ የማያውቀውን መጠራጠሩ ከመመረዝ ይጠብቀዋል ብለው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ነገሩ በዘርም ይወረሳል፤ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አሳይተዋል። መራራ ጣዕም አጉልቶ የሚሰማቸው ልጆችም አሉ። ስለዚህ በአንድ እጅ ካደጉ ሁለት ልጆች አንዱ ያገኘውን ሲበላ ሌላው ሊመርጥ ይችላል። የወላጅ ጥፋት አይደለም።

በዚያ ላይ ዕድገት ይቀዘቅዛል። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሲወለድ ከነበረው ወደ 3 እጥፍ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ወላጅ የሚደነግጠውና ማስገደድ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ማስገደድ ሲባል ቁጣ ብቻ አይደለም። "ለእኔ ስትል አንዲት ማንኪያ"፣ "ከጨረስክ ከረሜላ አለ"፣ "እህትህ እንዴት እንደምትበላ እያት" ማለትም ያው ግፊት ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊያን በርችና ባልደረቦቿ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ልጆች ሽልማት እየተሰጣቸው የበሉትን ነገር ከዚያ በኋላ ይበልጥ ሲጠሉት ታይቷል። የተጨነቀ ልጅ ረሃቡም ይጠፋል። ግፊቱ ሲጨምር የሚበላው ይቀንሳል፣ የሚበላው ሲቀንስ ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል።

ከዚህ አዙሪት ለመውጣት የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤሊን ሳተር ያቀረበችው የሥራ ክፍፍል እስካሁን ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የተሻለው ይመስለኛል። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል። መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ ይወስናል። ይህ ማለት ግን ልጁ ባዘዘ ቁጥር ሌላ ምግብ ይሠራለታል ማለት አይደለም። ለሁሉም የቀረበው ለእሱም ይቀርባል፤ ከመካከሉ ግን እሱ የሚያምነው ቢያንስ አንድ ነገር ይኑር። በምግብ ሰዓቶች መካከል ከውኃ በቀር ባይሰጠው ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ወተትና ጁስ ሲጠጣ የዋለ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ነው የሚቀርበው።

አዲስ ምግብ በጣም ትንሽ ሆኖ፣ ከሚወደው ጎን ይቀመጥ። ማየት፣ መንካት፣ ማሽተት፣ ላስ አድርጎ መተው ሁሉ እርምጃ ነው። ቀምሶ መትፋትም ይፈቀድለት። አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ወላጅ ግን ከሦስተኛውና ከአራተኛው ሙከራ በኋላ "ይሄን አይወድም" ብሎ ይተወዋል። ያሳዝናል።

ከተራ ምርጫ ያለፈም አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 (እ.ኤ.አ.) አርፊድ (ARFID) የተባለውን፣ ምግብን የመሸሽ ወይም በጣም የመገደብ የአመጋገብ ችግር በሕመሞች መዝገቡ ውስጥ አስገብቷል። ከመወፈር ፍርሃት ጋር አይገናኝም። አንዱ ልጅ የምግቡን ልስላሴ፣ ሽታ ወይም ቀለም አይችለውም፤ ይህ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ዘንድ በብዛት ይታያል። ሌላው አንድ ቀን ታንቆ ወይም አስታውኮ ከዚያ ወዲህ መዋጥ ይፈራል። ሦስተኛው ጭራሽ ረሃብ አይሰማውም። ሁለት ሦስቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙም ይችላሉ።

ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ካልጨመረ፣ የሚበላቸው ምግቦች እያነሱ ከሄዱ፣ ሲበላ ካሳለው፣ ከታነቀ ወይም ካመመው፣ ከሰው ጋር መብላት ከሸሸ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። የሆድ ድርቀት፣ የብረት እጥረት፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስና አለርጂ ፍላጎትን ስለሚዘጉ ቀድመው ይመረመራሉ። እንደ ችግሩ የሥነ ምግብ፣ የንግግርና የመዋጥ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይረዳል። ሕክምናው ዝግ ያለ ነው፤ ልጁ ከሚፈራው ምግብ ጋር ደረጃ በደረጃ ይለማመዳል፣ ለሚቀጥለው ደረጃ ዝግጁ መሆኑንም ራሱ ይናገራል።

አያቶች፣ ሞግዚትና አስተማሪም ይህን ማወቅ አለባቸው። ቤት ውስጥ ያለ ግፊት የሚበላ ልጅ ትምህርት ቤት የምሳ ዕቃህን ካልጨረስክ አትጫወትም ከተባለ ፍርሃቱ እንደገና ይነሣል።