ቡአ ውስጥ የሚገኝ የሽንት ፊኛ

በጎንደር ገጠር ቡአ የማያውቅ ሰው የለም። ሸክም ያነሳ፣ ሲያስል የከረመ፣ ሽንት እምቢ ብሎት የሚያምጥ ሁሉ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ሊያወጣ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከሆድ ወጥቶ እዚያ የሚገኘው አንጀት ወይም ሞራ ነው። አንዳንዴ ግን የሽንት ፊኛ ይሆናል፤ እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ከኩላሊት ወደ ፊኛ ሽንት የሚያወርደው ቀጭን ቱቦ።

ፊኛ የሚገኘው ከ1 እስከ 4 በመቶ በሚሆኑ የብሽሽት ቡአዎች ውስጥ እንደሆነ በሕክምና ጽሑፎች ይጠቀሳል። የሚበዛው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ወንዶች ላይ ነው። ያደገ ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች እጢ) የሽንት መውጫውን ሲያጠብ ፊኛው እየተለጠጠ ይላላል፤ በዚያ ላይ ማማጥ ሲጨመር የሳሳው ብሽሽት መንገድ ይለቅለታል።

ትንሽ ከሆነ ምልክት የለውም። ወደ ቆለጥ ከረጢት የወረደ ትልቅ ቡአ ግን ራሱን ያጋልጣል። ሰውየው ከሸና በኋላ እብጠቱን በእጁ ሲጫነው ሽንቱ እንደገና ይወርዳል፣ እብጠቱም ይጎድላል። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከደምቢያም ሆነ ከአርማጭሆ የሚመጣ አዛውንት ይህን ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ነውር ነው። «አባባ፣ ሽንት ሲሸኑ እብጠቱ ይቀንሳል?» የምትለው ጥያቄ ምንም ወጪ የላትም፤ እንደ እኔ ከሆነ ከአልትራሳውንድም ሆነ ከሲቲ ስካን በፊት መቅደም አለባት።

ካልተጠየቀ ነገሩ የሚታወቀው ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፤ አብዛኛውም እንዲህ ነው። ፊኛው በስብ ተሸፍኖ ከቡአው ከረጢት (ከሆድ የወጣውን ከሚይዘው ስስ ሽፋን) ጎን፣ ወደ መሃል ሰውነት ባለው በኩል ይተኛል። ሐኪሙ የቡአ ከረጢት መስሎት ከቆረጠው ሽንት ይፈስሳል። ወዲያው ከታየ በሚሟሟ ክር በሁለት ንብርብር ይሰፋል፣ ካቴተርም (ፊኛ ውስጥ የሚገባ የሽንት ማውጫ ቱቦ) ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሳይታይ ከተዘጋ ግን ሽንቱ ውስጥ ለውስጥ እየፈሰሰ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ያጠራጠረ እንደሆነ በካቴተር ፊኛውን በንጹሕ ጨዋማ ፈሳሽ መሙላት ያጣራል፤ የተጠረጠረው አካል አብሮ ይነፋል። ጤነኛ ፊኛ አይቆረጥም፤ ወደ ቦታው ተመልሶ ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ በመረብ ይጠገናል።

ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ጉዳይ ይበልጥ ብርቅ ነው። ቱቦው ሲታጠፍ ኩላሊቱ በሽንት ያብጣል፣ ሕመምተኛው ግን ላይሰማው ይችላል። በንቅለ ተከላ የሌላ ሰው ኩላሊት በተቀበሉ ሰዎች አዲሱ ቱቦ በብሽሽት አቅራቢያ ስለሚያልፍ የቡአ ቀዶ ሕክምና ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ስለተጀመረ፣ ይህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ጎንደርም ሊመጣ ይችላል።

ፕሮስቴቱ ሳይታከም ቡአው ብቻ ከተሰፋ ማማጡ ይቀጥላል፤ ቡአውም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለአዛውንቶች የሽንት ችግሩ ቀድሞ ወይም ጎን ለጎን ይታከማል።