«ሥዕሉ የት አለ?»

የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ጥበብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አንድ ዓይነት ነገር ለሳምንታት ሰብስበውና ደርድረው ሥራችን ብለው ሲያቀርቡ፣ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ ከላይ ያለው ነው። መልሱን እየደጋገምኩ ስለ ሰለቸኝ ልጻፈው፤ ከጥያቄው ጋር የምሰማቸውን ተቃውሞዎችም በጥቅስ እያስቀመጥኩ እመልሳለሁ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የዘመኑ ፋሽን ነው።» ጀርመናዊው ሠዓሊ ኩርት ሽቪተርስ «ሜርዝ» ያላቸውን ሥራዎች ከተጣሉ ቲኬቶችና ከወረቀት ቁርጥራጮች መሥራት የጀመረው በ1919 ነው።

«ገንዘብ ይጠይቃል።» ከላይ ያለውን እንደገና ያንብቡ።

«መሳል ያቃተው ልጅ መደበቂያ ነው።» ደሜን የሚያፈላው ይህኛው ነው። በክፍሌ ውስጥ በሥዕል የሚስተካከለው ያልነበረ አንድ ልጅ ነበር፤ ያሳዩትን ሁሉ አስመስሎ ይስላል። ሰብስብ ስለው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሠቃየ፤ የሚያስመስለው ነገር አልነበረማ! በመጨረሻ ጓደኞቹ የጣሏቸውን የእርሳስ ቁራጮች ማጠራቀም ጀመረ። በቀለማቸው ደረደራቸው፤ የሱቅ መደርደሪያ መሰሉ። በርዝመታቸው ደረደራቸው፤ አሁንም ምንም። ቀጥሎ ጫፋቸው ላይ ባለው የጥርስ ምልክት ለያቸው፦ ያልተነከሱ፣ በጥቂቱ የተነከሱ፣ እንጨታቸው እስኪሰነጠቅ የታኘኩ። ያን ጊዜ የፈተና ጭንቀት ፊት ለፊታችን ቆመ። ክፍሉን ሊጎበኙ የመጡ ተቆጣጣሪ ግን አዩና «ሥዕሉ የት አለ?» አሉ።

ሥዕሉማ አደራደሩ ውስጥ ነበር። ማጠራቀም ብቻውን ፈጠራ አይደለም፤ በዚህ እስማማለሁ። ፈጠራው የሚጀምረው ሰብሳቢው ደንብ ሲያወጣ፣ ደንቡ አላስኬድ ሲለው ደግሞ ሲለውጠው ነው። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤኸር ከ1959 ጀምሮ የውኃ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫዎችን በአንድ ዓይነት አቀራረብ፣ በደመናማ ሰማይ ሥር ፎቶግራፍ እያነሡ ጎን ለጎን ደረደሩ። አንዱን ማማ ብቻውን ቢያዩት ተራ ነገር ነው፤ ዘጠኝ ማማዎችን አንድ ላይ ሲያዩ ግን ዓይን ልዩነት መፈለግ ይጀምራል። በጣሊያን የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ የቬኒስ ቢየናሌ፣ በ1990 «ወርቃማው አንበሳ» የተባለውን ትልቅ ሽልማቱን የሸለማቸው በፎቶግራፍ ሳይሆን በቅርጻ ቅርጽ ነው። ተቆጣጣሪው እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

«እንግዲያው ተማሪው ያመጣውን ሁሉ መቀበል ነው።» አይደለም! ይህ ደግሞ የአንዳንድ መምህራን ስንፍና ነው። ርዕሱን ለልጁ ይተዉለት፤ ደንቡን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያምጣ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተለያየ መንገድ ይደርድር፤ እያንዳንዱንም ፎቶ ያንሣ። ሙጫውን እስከ መጨረሻው ሳምንት ይደብቁበት፤ ቶሎ የተለጠፈ ነገር ሐሳብን ያስራል። መርፌና የተሰበረ መስታወት ክፍል አይግባ። የሌላ ሰው ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም።

«ማርክ ሊሰጠው አይችልም።» ለምን አይቻልም? እያንዳንዱ ተማሪዬ ሁለት ሣጥን አለው፤ አንዱ የመረጠውን፣ ሌላው የተወውን የሚያስቀምጥበት። ማርክ ስሰጥ መጀመሪያ የምከፍተው ሁለተኛውን ነው፤ ባዶ ከሆነ ልጁ ገና ሥራውን አልጀመረም።