«ይሄ ኮንፊሽየስ ነው» ከማለታችን በፊት

የኮሪያ ድራማ የሚከታተል ሰው ይህችን ትዕይንት በደንብ ያውቃታል። ወጣቱ ለትልቁ ሰው መጠጥ ሲቀዳ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይይዛል። ራሱ ሲጠጣ ደግሞ ፊቱን ዞር ያደርጋል። ታናሽ እህቴ «ይሄ ኮንፊሽየስ ነው» ትላለች፤ የጥንቱን ቻይናዊ መምህር ትምህርት ማለቷ ነው። ልክ ናት። ግን አማቲቱ ምራቷ ላይ ስትጮህም፣ አለቃው ሠራተኛውን ሲያዋርድም ያንኑ ትደግማለች። እዚህ ላይ ነው የማንስማማው። እንዲህ ያሉ የተለመዱ ስህተቶችን አንድ በአንድ እንይ።

«ኮንፊሽየስ የሃይማኖት መሥራች ነው»

ሰውየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር የተወለደ አስተማሪ ነው። ስለ ሞት ሲጠየቅ «ገና ሕይወትን ሳታውቅ ሞትን እንዴት ታውቃለህ?» ብሎ መለሰ ይባላል። በስሙ የታነጹ መቅደሶች አሉ፤ ሥርዓትም ይፈጸምባቸዋል። ኮሪያ ውስጥ ግን ትምህርቱ የሚኖረው ከመቅደሱ ይልቅ ቤትና ቢሮ ውስጥ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው ሰኞ ለታላቅ የሥራ ባልደረባው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ሁለቱ አይጣሉበትም።

«ገና ሲተዋወቁ ዕድሜ የሚጠይቁት ነገር ስለሚወዱ ነው»

አንተና እርስዎ ለሚለይ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። በኮሪያኛ የግሡ መጨረሻ ሳይቀር በአክብሮት ደረጃ ይለዋወጣል። ማን ታላቅ እንደሆነ ሳይታወቅ ወሬው አይጀመርም፣ በቃ።

«ታናሽ ዝም ብሎ ይታዘዛል»

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለኛል። ስለ ወላጅ አክብሮት በተጻፈ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ተማሪው ይጠይቃል፦ አባቱ ያዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም ልጅ ጥሩ ልጅ ነው? መምህሩ ይቆጣል። አባት ሲሳሳት የሚገሥጽ ልጅ ከሌለው ጥፋት ውስጥ ይወድቃል ይላል። ንጉሥም እንደዚሁ ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ከ1392 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ኮሪያን በገዛው የጆሰን መንግሥት ንጉሡን መተቸት ሥራቸው የሆነ ባለሥልጣናት ነበሩ። የመንግሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሰንግክዩንግዋን ተማሪዎች ሲቆጡ ምግብ አዳራሹን ጥለው ይወጡ ነበር፤ የዛሬው የተማሪ አድማ ማለት ነው። የባሰም አለ። በ1591 ጆ ሆን፣ በ1876 ደግሞ ቾ ኢክህዮን የሚባሉ ምሁራን መጥረቢያ ይዘው ቤተ መንግሥት ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። አቤቱታዬን ካልተቀበላችሁ በዚሁ መጥረቢያ አንገቴን ቁረጡ ማለታቸው ነበር። ቾ የተቃወመው ከጃፓን ጋር የተፈረመውን ውል ነው፤ ለድፍረቱ ደሴት ላይ ታሰረ። ሁለቱም አጥባቂ ኮንፊሽየሳውያን ነበሩ።

አለቃው ሲሰድበው አንገቱን የሚደፋው የድራማ ሠራተኛ እንግዲህ ከየት ተማረው? ደመወዙን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ የትም አገር አለ።

«ሴት ከጥንት ጀምሮ የበታች ነበረች»

የኮሪያን 50,000 ዎን ኖት ያየ ሰው ሺን ሳይምዳንግ የምትባለውን ሠዓሊ አይቷል። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ናት። ካገባች በኋላ ብዙ ዓመት የኖረችው ጋንግኑንግ ከተማ በወላጆቿ ቤት ነው። ዪ ኢ የሚባለው ልጇም እዚያው በ1536 ተወለደ። እሱም የኮንፊሽየስ ትምህርት ትልቅ ሊቅ ሆኖ 5,000 ዎን ላይ ወጥቷል። በዚያ ዘመን ባል ወደ ሚስት ቤት መግባቱ ነውር አልነበረም። ሴት ልጅም ከወንድሞቿ እኩል ትወርስ ነበር። ነገሩ የጠበበው በተለይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ ያጠበቡትም ምሁራኑ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ኮንፊሽየሳውያኑን ነጻ ማለቴ አይደለም። «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ነው ውሸቱ።

ወንድን ብቻ የቤተሰብ አለቃ አድርጎ የሚመዘግበው የሆጁ ሕግም መልኩን የያዘው በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2005 ተቃወመው፤ በ2008 ቀረ።

«ወላጅ የሚከበርበት አገር ሽማግሌ አይቸገርም»

ቢሆን ጥሩ ነበር። በደቡብ ኮሪያ ከአሥር አዛውንት አራት ያህሉ በድህነት ይኖራሉ፤ ከበለጸጉት አገሮች ተርታ ከፍተኛው ነው። ብሔራዊ ጡረታው የተጀመረው በ1988 ስለሆነ ብዙዎቹ በቂ አላጠራቀሙም። ያላቸውን ለልጅ ትምህርት አፍስሰዋል።

«የበዓሉ ጥብስ የኮንፊሽየስ ትእዛዝ ነው»

ቹሶክ በሚባለው የመኸር በዓል ለሙታን አያቶች ማዕድ ይቀርባል። ምራቶች ከዋዜማው ጀምረው ዱቄትና እንቁላል የነካ አሣና አትክልት ሲጠብሱ ይውላሉ። ወገብ ይቆረጣል፤ ባልና ሚስትም ይጣሉበታል። በ2022 ሰንግክዩንግዋን፣ ያው ጥንታዊው ተቋም፣ መግለጫ አወጣ። ዘጠኝ ዓይነት ምግብ ይበቃል፤ ጥብስ ግዴታ አይደለም አለ። የድሮ ሊቅ ጽሑፍም ጠቀሰ፦ ቅባት የበዛበት ምግብ ለዚህ ሥርዓት ማቅረብ ወጉ አይደለም።

ይህን ለእህቴ ነገርኳት። ሪሞቱን አስቀምጣ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ማን አስጠበሳቸው?» አለችኝ።