ሜዲኬር ምንድን ነው? 65 ዓመት ለሚሞላው ሰው ቀኑ፣ ክፍያውና ምርጫው

ሜዲኬር የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች የሚያቀርበው የጤና ኢንሹራንስ ነው። ከ65 በታች ሆነው የአካል ጉዳት አበል ለሚቀበሉና ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመ ሰዎችም ይሰጣል፤ እዚህ የምናየው ግን የ65ቱን ነው። ሕግ የሆነው በ1965 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ ነው። ከሜዲኬይድ ጋር በስም ይምታታ እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው፤ ሜዲኬይድ ገቢን ያያል፣ ሜዲኬር ዕድሜንና ግብር የተከፈለበትን ዘመን። ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዙ ሰዎች አሉ።

ብዙው ጣጣ የሚመጣው ሜዲኬርንና ጡረታን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። በ1960 ወይም ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ነው። ሜዲኬር ግን ከ65 ንቅንቅ አላለም። ጡረታውን 65 ከመሙላቱ ቢያንስ አራት ወር ቀደም ብሎ መቀበል የጀመረ ሰው ካርዱ ሳይጠይቅ በፖስታ ይመጣለታል። ለ67 ያቆየ ሰው ግን ራሱ ካላመለከተ የሚመዘግበው የለም። ጎረቤቱ ካርድ በፖስታ እንደደረሰው ሰምቶ «ዕዳው ገብስ ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ቅጣት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ፊደላቱ

ፓርት ኤ ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን ይሸፍናል። እርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ 40 ክሬዲት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል ግብር የተከፈለበት ሥራ ካላችሁ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። በ2026 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,890 ዶላር ገቢ ነው፤ በዓመት ከአራት በላይ አይሰጥም። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፦ የሚቆጠረው ጠቅላላ ገቢው ሳይሆን ወጪ ተቀንሶለት በታክስ ቅጹ ላይ የቀረው ትርፍ ነው። ታክስ ለመቀነስ ሲባል ወጪው ሁሉ ሲደረደር ክሬዲቱም አብሮ ይሳሳል። ክሬዲታቸው ከ30 እስከ 39 የሆነ ሰዎች በ2026 ለፓርት ኤ በወር 311 ዶላር ይከፍላሉ፣ ከ30 በታች የሆኑት ደግሞ 565።

ሆስፒታል ሲገቡ መጀመሪያ ከኪስ የሚወጣው 1,736 ዶላር ነው። ይህ በዓመት አንዴ የሚከፈል አይደለም። ከሆስፒታል ወጥተው 60 ቀን ካለፈ በኋላ ተመልሰው ቢተኙ እንደገና ይከፈላል።

አልጋ ላይ መተኛት ሁሉ «መተኛት» አይደለም። ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን ሁለት ሌሊት አሳድረው በመዝገብ ላይ «ኦብዘርቬሽን»፣ ማለትም ለክትትል የቆየ፣ ሊሉት ይችላሉ፤ ያኔ ሂሳቡ በፓርት ቢ ይሠራል። ጉዳቱ የሚታየው በኋላ ነው። ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ማገገሚያ ማዕከል ሲላኩ፣ መደበኛው ሜዲኬር የማዕከሉን ወጪ የሚከፍለው ሦስት ቀን በኢንፔሸንትነት፣ ማለትም ተኝቶ ታካሚ ተብለው፣ ተመዝግበው ከተኙ ብቻ ነው። ካሟሉ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ ይሸፈናሉ፤ ካላሟሉ ሂሳቡ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነርሷን «ኢንፔሸንት ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኦብዘርቬሽን ከ24 ሰዓት ካለፈ ሆስፒታሉ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያቺን ወረቀት ሳያነቡ መፈረም የተለመደ ነው።

ፓርት ቢ ሐኪም ማየትን፣ ላቦራቶሪን፣ ራጅንና ተመላላሽ ሕክምናን ይሸፍናል። በ2026 በወር 202.90 ዶላር ነው፤ ጡረታ የሚቀበል ሰው ከጡረታው ይቆረጥበታል። በዓመት የመጀመሪያውን 283 ዶላር ራስዎ ይከፍላሉ፣ ከዚያ ሜዲኬር 80 በመቶውን፣ እርስዎ 20 በመቶውን። ለዚህ 20 በመቶ ጣሪያ የለውም። 60,000 ዶላር የሚያስከፍል የካንሰር ሕክምና ቢገጥም ድርሻዎ ወደ 12,000 ነው ማለት ነው።

ገቢው ከፍ ያለ ሰው ለፓርት ቢ ጭማሪ ይከፍላል። በ2026 ለነጠላ ሰው ከ109,000፣ በአንድነት ታክስ ለሚያቀርቡ ባልና ሚስት ከ218,000 ዶላር በላይ ሲሆን ይጀምራል፤ የሚታየውም የሁለት ዓመት በፊቱ ታክስ ነው። ሥራ በማቆም ገቢዎ ከወረደ ኤስኤስኤ-44 በሚባለው ቅጽ እንዲስተካከል ይጠይቃሉ። የሚከራይ ቤት ሸጠው ገቢዎ አንድ ዓመት ዘሎ ከሆነ ግን ቅጹ አያድንዎትም፤ ጭማሪውን ለአንድ ዓመት መክፈል ነው።

ፓርት ዲ የመድኃኒት ነው፤ በግል ኩባንያዎች በኩል ይገዛል። በ2026 ለተሸፈኑ መድኃኒቶች በዓመት ከኪስዎ የሚወጣው ከ2,100 ዶላር አይበልጥም፣ ኢንሱሊንም በወር ከ35 ዶላር በላይ አያስከፍልም። የመነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያና የመደበኛ ጥርስ ሕክምና በመደበኛው ሜዲኬር የሉም። አረጋዊን ቤት ውስጥ ማጠብ፣ ማልበስና መመገብ ብቻ ሲያስፈልግም አይከፍልም።

ሰባቱ ወራት

የመመዝገቢያው ጊዜ ሰባት ወር ነው፦ 65 ከሚሞላበት ወር በፊት ያሉት ሦስት ወራት፣ ራሱ ወሩና ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት። ቀድሞ ያመለከተ ሰው ሽፋኑ ከልደት ወሩ መጀመሪያ ቀን ይጀምራል።

የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ደንቡ ይለወጣል። በወሩ የመጀመሪያ ቀን የተወለደ ሰው ሽፋኑ አንድ ወር ቀድሞ ይጀምራል። የጃንዋሪ 1 ልደተኛ ሜዲኬር የሚጀምርለት ዲሴምበር 1 ሲሆን ሰባቱ ወራት ከሴፕቴምበር እስከ ማርች ናቸው። የትውልድ ዓመቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ሳይመነዘር የቀረበት ሰው አለ። ቢሮው የሚመለከተው በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ ያለውን ቀን ስለሆነ፣ ያንን በ64 ዓመት ማረጋገጥ በ65 ከመከራከር ይቀላል።

ጊዜው ያለፈበት ሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ባለው ዓመታዊ ጊዜ ይመዘገባል፤ ሽፋኑ የሚጀምረው በሚቀጥለው ወር ነው። የፓርት ቢው ቅጣት ደግሞ ለዘገየው እያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር የወርሃዊው ክፍያ 10 በመቶ ነው። ሦስት ዓመት የዘገየ ሰው 30 በመቶ፣ በ2026 ዋጋ በወር 61 ዶላር ገደማ ይጨመርበታል። አንዴ ተቀጥቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ ፓርት ቢ እስካለው ድረስ ዕድሜ ልኩን ይከፍለዋል። ፓርት ዲም የራሱ ቅጣት አለው፣ ተመጣጣኝ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖር ለዘገየ እያንዳንዱ ወር 1 በመቶ።

ከቅጣት የሚያድነው እርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ አሁን ከምትሠሩበት መሥሪያ ቤት የሚገኝ ኢንሹራንስ ነው። ሥራው ወይም ኢንሹራንሱ ካበቃበት ጊዜ ጀምሮ ስምንት ወር አለዎት። ሁለት ቅጾች ይሞላሉ፦ ሲኤምኤስ-40ቢን እርስዎ፣ ሲኤምኤስ-ኤል564ን አሠሪው። የሠራተኛው ቁጥር ከ20 በታች ከሆነ ቀዳሚ ከፋይ ሜዲኬር ስለሚሆን፣ ፓርት ቢ ሳይይዙ መቀመጥ የአሠሪው ኢንሹራንስ «ድርሻዬ ትንሽ ነው» እንዲል በር ይከፍታል።

ኮብራ፣ ማለትም ሥራ ከለቀቁ በኋላ በራስ ክፍያ የሚቀጥለው የአሠሪው ኢንሹራንስ፣ ከሥራ የተገኘ ሽፋን ተብሎ አይቆጠርም። የኦባማኬር ኢንሹራንስ የሚገዛበት ማርኬትፕሌስም አይቆጠርም፤ የኦባማኬር ድጎማ የሚያገኝ ሹፌር ነፃ ፓርት ኤ ማግኘት ከሚችልበት ወር በኋላ ድጎማውን ቢቀጥል ታክስ ሲሠራ መልሶ ይከፍላል። ኤች ኤስ ኤ (ለሕክምና ከታክስ ነፃ ገንዘብ የሚቀመጥበት ሒሳብ) ያለው ሰው ደግሞ ከ65 በኋላ ሲመዘገብ ፓርት ኤ እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ስለሚቆጠር፣ ማስቀመጡን ስድስት ወር ቀድሞ ማቆም አለበት።

ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች

«ልጄ እዚህ ሃያ ዓመት ግብር ከፍላለች» የሚለው አይሠራም፤ የልጅ ሥራ ለወላጅ አይቆጠርም። የትዳር ጓደኛ ግን ይቆጠራል፣ 62 ዓመት ከሞላውና 40 ክሬዲት ካለው፣ ጋብቻውም ቢያንስ አንድ ዓመት ከሆነው። በዚህ አገር ያልሠሩ እናትና አባት ሜዲኬር መግዛት የሚችሉት ግሪን ካርድ ይዘው ያለማቋረጥ አምስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው። በ2026 ለአንድ ሰው ኤ እና ቢ ሲደመሩ በወር 767.90 ዶላር ነው። ከ65 በኋላ ለመጡ ሰዎች ሰባቱ ወራት የሚቆጠሩት አምስቱ ዓመት በሚሞላበት ጊዜ ዙሪያ ስለሆነ ለቀደሙት ዓመታት አይቀጡም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ክፍለ ግዛቱ በሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም በኩል ክፍያውን ሊሸፍንላቸው ስለሚችል፣ 767 ዶላር ብሎ ከመደንገጥ በፊት እዚያ ማመልከት ይቅደም።

በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ሜዲኬርን በዋናነት ለዜጎችና ግሪን ካርድ ለያዙ ሰዎች ወስኖታል። በጥገኝነት ላይ ያለ፣ ግን ግሪን ካርድ ያላወጣ ሰው 10 ዓመት ሠርቶም ቢሆን ይቀርበታል። አሁን ሜዲኬር ያላቸው እንዲህ ያሉ ሰዎችም ሕጉ ከወጣ በ18 ወር ውስጥ ሽፋናቸው ይቋረጣል። የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ያዘገየ ሰው አሁን ምክንያት የለውም።

ሜዲጋፕ ወይስ አድቫንቴጅ

በየኦክቶበሩ ፖስታ ሳጥን የሚሞላው የዚህ ምርጫ ማስታወቂያ ነው። የመጀመሪያው መንገድ መደበኛውን ሜዲኬር ይዞ ያንን ጣሪያ የሌለው 20 በመቶ የሚደፍን ሜዲጋፕና ፓርት ዲ መግዛት ነው። ሜዲኬር የሚቀበል ማንኛውም ሐኪም ጋ ይሄዳሉ፤ ለስፔሻሊስት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሜዲጋፕ በፊደል ይለያል፦ ፕላን ጂ ከፓርት ቢው 283 ዶላር በቀር የቀረውን ሁሉ ማለት ይቻላል ይከፍላል፤ ፕላን ኤን ረከስ ይላል፣ ግን ሐኪም ባዩ ቁጥር እስከ 20 ዶላር፣ ድንገተኛ ክፍል እስከ 50 ያስከፍላል። ከማሳቹሴትስ፣ ሚኒሶታና ዊስኮንሰን በቀር አንድ ፊደል በየትኛውም ኩባንያ ያው ሽፋን ነው። «የኛ ጂ ይሻላል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ዋጋውን ብቻ ጠይቀው ይለፉ።

ሁለተኛው መንገድ አድቫንቴጅ ነው። የግል ኩባንያ ኤን፣ ቢንና ብዙውን ጊዜ ዲን በአንድ ካርድ ይይዛል፣ ጥርስና መነጽርም ይጨምራል። ብዙዎቹ «ዜሮ ዶላር» ናቸው፤ የፓርት ቢው 202.90 ግን አይቀርም። በምላሹ ሐኪሙ በኔትወርኩ፣ ማለትም ከኩባንያው ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞች ዝርዝር ውስጥ መሆን አለበት፣ ለኤምአርአይና ለቀዶ ሕክምናም ኩባንያው ቀድሞ እንዲፈቅድ ይጠየቃል። በኔትወርክ ውስጥ በዓመት የሚከፍሉት ጣሪያ በ2026 ከ9,250 ዶላር ሊበልጥ አይችልም።

በእኛ አስተያየት ማወዳደር ያለብዎ የጥርሱን ስጦታ ሳይሆን የመመለሻውን በር ነው። 65 ሞልቶዎት ፓርት ቢ ከጀመረበት ወር አንስቶ ለስድስት ወር የትኛውም ኩባንያ ስኳርም ደም ግፊትም ቢኖርዎ ሜዲጋፕ ሊከለክልዎ አይችልም። ከዚያ በኋላ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ስለ ጤናዎ ጠይቆ እምቢ ማለት ይችላል፤ ኒውዮርክና ኮነቲከት ከዚህ ይለያሉ። በ65 ዓመቱ መጀመሪያ አድቫንቴጅ የገባ ሰው በ12 ወር ውስጥ ሐሳቡን ቢቀይር ያለ ጤና ጥያቄ ወደ ሜዲጋፕ የመመለስ መብት አለው። ከዚያ በኋላ ከአድቫንቴጅ መውጣት በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ይቻላል፣ ሜዲጋፕ ለማግኘት ግን ዋስትና የለም። ስለዚህ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበትና ወርሃዊውን መክፈል የሚችል ሰው በሜዲጋፕ ቢጀምር ይሻለዋል። ሙሉ ሜዲኬይድ ያለው ሰው ግን ሜዲጋፕ ምንም አይጨምርለትም፣ ገንዘቡን አያባክን።

አገር ቤት ለሚመላለስ

ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ በጣም ጥቂት ከሆኑ ሁኔታዎች በቀር አይከፍልም፤ አዲስ አበባ የተገዛ መድኃኒትም በፓርት ዲ አይመለስም። ፕላን ጂና ኤን ለድንገተኛ ሕመም በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ውስጥ ከ250 ዶላር በኋላ 80 በመቶውን ይመልሳሉ፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። ቀድመው የሚከፍሉት እርስዎ ስለሆኑ ማኅተም ያለበትና ሕክምናው ተዘርዝሮ የተጻፈበት ደረሰኝ ይዘው ይመለሱ። በአውሮፕላን ታሞ የመመለስን ወጪ አይሸፍኑም፤ ለዚያ የጉዞ ኢንሹራንስ ለብቻ ይገዛል።

ከስድስት ወር በላይ በተከታታይ ከአካባቢው የራቀን ሰው አድቫንቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ያስወጣዋል። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ) የሚቀበሉ ከ30 ቀን በላይ ውጭ ሲቆዩ ክፍያው ይቋረጥባቸዋል። ጠቅልለው ገብተው ፓርት ቢን የሰረዙ ደግሞ ሲመለሱ ያ 10 በመቶ ይጠብቃቸዋል፤ ለሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ መክፈሉን መቀጠል ይሻል እንደሆነ በቁጥር አስሉት።

ሺፕ የሚባለው የመንግሥት የምክር አገልግሎት በየክፍለ ግዛቱ አለ፤ ነፃ ነው፣ ኢንሹራንስም አይሸጥም። የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የሐኪሞቹን ስም ይዞ መቅረብ ነው። ሜዲኬር በ1-800-633-4227፣ ሶሻል ሴኩሪቲ በ1-800-772-1213 ይገኛሉ፤ «አምሃሪክ» ብለው ካሉ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኙዎታል። እርስዎ ሳይደውሉ ደውሎ የሜዲኬር ቁጥርዎን የሚጠይቅ ሰው ግን ከሜዲኬር አይደለም፤ ይዝጉበት።