«ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ»፦ ለመሆኑ ምጣዱ ምን ያህል ቢከብድ ነው?

አይጧ ምጣዱ ላይ ወጥታለች። ዱላም ተነስቷል። ቢሰነዘር አይጧ ትሞት ወይም ታመልጥ ይሆናል፤ ምጣዱ ግን ለሁለት መከፈሉ አይቀርም። ስለዚህ ዱላው ይወርዳል፣ አይጧም በሰላም ትሄዳለች። አነጋገሩ የተወለደው ከማጀት ነው። ትርጉሙም ግልጽ ነው፦ ጥፋተኛውን ልምታ ስትል የምትወደውን ነገር የምትሰብር ከሆነ ለጊዜው እለፈው።

ብዙዎቻችን ይህን ስንተርት ሐሳባችን ያለው አይጧ ላይ ነው። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው ምጣዱ ላይ ይመስለኛል። ምጣድ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ዱላው ለምን እንደወረደ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን የምታወጣው ከምታውቀው ቦታ ነው። ሁሉም አፈር ሸክላ አይሆንማ። ተሸክማ ታመጣዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ጠጠሩን ትለቅማለች፣ በውሃ ታቦካዋለች። በአንዳንድ ቦታ የተሰበረ ሸክላ፣ ማለትም ገል፣ ተፈጭቶ ይገባበታል፤ እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። ከዚያ ያለ ምንም ማሽን፣ በእጇ ብቻ፣ ጭቃውን ክብ አድርጋ ትዘረጋዋለች። ምጣድ ከእንስራና ከጀበና ይልቅ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ሰፊ ነው፣ ስስ ነው፣ ደግፎ የሚይዘው ግድግዳ የለውም። አንዱ ጎን ቀድሞ ከደረቀ ይጣመማል። ፊቱ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል፤ ሻካራ ከሆነ እንጀራው አይለቅም። በመጨረሻ በኩበትና በእንጨት እሳት ይተኮሳል። የስንት ቀን ልፋት እዚያው እሳት ውስጥ ተሰንጥቆ ሊቀር ይችላል።

ገበያ ላይም ፈተና አለበት። ገዢዋ ምጣዱን አንስታ በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ነቅቷል ማለት ነው፣ ትመልሰዋለች። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ይሟሻል። እሳት ላይ ተጥዶ በጎመን ዘር ደጋግሞ ይታሻል፣ ቅባቱን እስኪጠጣና ፊቱ እስኪጠቁር ድረስ። በደንብ የተሟሸ ምጣድ ያላት ሴት በቀላሉ አትለውጠውም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያለፈ ምጣድ ለአንዲት አይጥ ሲባል ይሰበር?

ዛሬ አነጋገሩን የምንሰማው ከማጀት ውጭ ነው። ሰርግ ላይ አንድ ዘመድ ጠጥቶ ይረብሻል፤ ወንድሞቹ ተነስተው ሊያስወጡት ሲሉ አንድ ትልቅ ሰው «ተዉት ልጆች፣ ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላሉ። ምጣዱ ሰርጉ ነው። ባልና ሚስት ለልጆቻቸው ሲሉ፣ ጎረቤታሞች ለዕድራቸው ሲሉ ብዙ ነገር ያልፋሉ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ይህ አነጋገር የተበደለን ሰው አፍ ማስያዣ ሲሆን ይታያል። ለቤተሰቡ ክብር ተብሎ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ስም ተብሎ፣ በደለኛው ዓመት ከዓመት ይታለፋል። አነጋገሩ ግን «ትለፍ» አለ እንጂ ማጀቱን ትውረስ አላለም። ከምጣዱ ላይ ስትወርድ ጉዳዩ ገና አላለቀም።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። ምጣዱን እንዲህ የሚያከብር አነጋገር ያለው ሕዝብ የሠሪዋን ክብር ለረጅም ዘመን ነፍጓል። ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ ተብለዋል፣ ጋብቻም ተከልክለዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ትታወቃለች። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የቀጨኔ እናቶች ምጣዱን፣ ጀበናውንና ድስቱን ለከተማው ሲያቀርቡ ኖረዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ ብለን ሸክላው የቀረ እንዳይመስለን። አገር ቤት በሚሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እንጀራው የሚጋገርበት ፊት ዛሬም በአብዛኛው ሸክላ ነው፤ ሽቦው ከሥሩ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ይተኛል። በዱላ ቢመታ ያው ይሰበራል። ውጭ አገር በማያጣብቅ የብረት ምጣድ እየተጋገረ ላደጉ ልጆች ግን አይጧ ለምን እንደታለፈች ወዲያው ላይገባቸው ይችላል። ለእነሱ ከአነጋገሩ በፊት ሸክላውን ማሳየት ይሻላል።