ድራፍት ቢራ በአዲስ አበባ፦ ከጃምቦ እስከ ቤት ጠመቅ

ድራፍት ከበርሜል በጋዝ ግፊት በቧንቧ የሚቀዳ ቢራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ጃምቦ በሚባለው ባለ እጀታ ብርጭቆ ይቀርባል። ስያሜው ግዙፍ የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ይመስላል፤ በከተማዋ ግን ብርጭቆውንም መጠጡንም ያመለክታል። ብዙዎቹ ድራፍት ቤቶች የአንድ ፋብሪካ ምርት ብቻ ስለሚቀዱ፣ «ሁለት ጃምቦ» ያለ ደንበኛ የየትኛውን ተብሎ አይጠየቅም።

የአገሪቱ የመጀመሪያ ቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1915 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን የመንግሥት ንብረት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፈረንሳዩ ካስቴል ገዛው። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን በደሌንና ሐረርን፣ በቀጣዩ ዓመት ዲያጆ ሜታን ሲይዙ የበርሜሉ ገበያ በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ገባ።

ከዚህ ሰልፍ ወጣ ብሎ በግቢው የሚጠምቀው ቦሌ የሚገኘው ቢር ጋርደን ኢን ነው። የጀርመንን ስልት የሚከተለው ይህ ቤት ብሎንዲ የተባለ ወርቃማና ኢቦኒ የተባለ ጥቁር ቢራ አለው። ሁለቱም ያልተጣሩ ናቸው፤ የጠላ ወዳጅ ጉሽ የሚለው ዓይነት መሆናቸው ነው። እርሾው በውስጣቸው ስለሚቀር ደብዘዝ ይላሉ፣ የዳቦ ሊጥን የሚያስታውስ ሽታም ይሰጣሉ። ኢቦኒ ጥቁረቱን የሚያገኘው በደንብ ከተቆላ ብቅል ነው፤ ይህም አሻሮ ለጠላ ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም። የጌሾን ሥራ ደግሞ ሆፕስ የተባለው ተክል ይሠራል፤ ምሬቱ ግን ከጌሾ ይልቅ የአበባ መዓዛ ያዘለ ነው። ጠላ እየጠጣ ያደገ ምላስ ለእነዚህ ቢራዎች እንግዳ አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አቀማመሱ በብሎንዲ ቢጀመር ይመረጣል፤ የተቆላው ብቅል ጣዕም ምላስ ላይ ስለሚቆይ ኢቦኒን ላስቀደመ ሰው ብሎንዲ ውኃ ውኃ ሊለው ይችላል። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ሽታውን ስለሚደብቅ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ አይከፋም። አረፋው የጠጪዎች ቅሬታ ምንጭ ቢሆንም (ብርጭቆው ጎደለ የሚባለው በእሱ ነው) ሁለት ጣት ያህሉ መዓዛውን ይይዛል። ቅባት ወይም ሳሙና የተረፈበት ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ያጠፋል፤ ያልታጠበ ቧንቧ ደግሞ ኮምጣጣ ጣዕም ይሰጣል።

የጠርሙስ ቢራ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሞቆ ተሕዋስያኑ ስለሚገደሉ ለወራት ይቀመጣል፤ በዚህ መልክ ያልሞቀና ያልተጣራ ድራፍት ግን ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ ቶሎ መጠጣት አለበት። ጠረጴዛ ላይ የሚቆመውና የራሱ መክፈቻ ያለው ረጅም የቢራ ማማም በርከት ላሉ ጠጪዎች እንጂ ለሁለት ሰው አይታዘዝም፤ የመጨረሻው ብርጭቆ ሞቆና ጋዙ ወጥቶ ይደርሳልና።