የሞኒተር ብልጭ ድርግም ማለት ምንድን ነው?

ሞኒተር «ብልጭ ድርግም ይላል» የሚባለው ምስሉ ወይም ከምስሉ ጀርባ ያለው ብርሃን ዐይን እስኪያስተውለው ድረስ እየተቋረጠ ሲመለስ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ያገለገለ ሞኒተር ገዝቶ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘ ሰው ይህን ሲያይ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ለመደምደም ይቸኩላል፤ ይሁን እንጂ ሞኒተሩን ከመወንጀል በፊት የምስሉን መቋረጥ ከብርሃኑ መዋዠቅ መለየት ያስፈልጋል።

መለያው ቀላል ነው። የምስሉን ኬብል ከላፕቶፑ ነቅሎ፣ ሞኒተሩ ራሱን ከማጥፋቱ በፊት «ኖ ሲግናል» (ምስል አልደረሰኝም) የሚለውን ጽሑፍ ማስተዋል ነው። ጽሑፉን የሚያወጣው ሞኒተሩ ራሱ ስለሆነ፣ እሱም ከተርገበገበ ጥፋቱ በሞኒተሩ ወይም በሚያገኘው ኤሌክትሪክ ላይ ነው፤ ጸንቶ ከታየ ግን ምርመራው ወደ ኬብሉና ወደ ላፕቶፑ ይዞራል።

ኬብሉ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚነግረን ቁጥር በሄርዝ ይለካል፤ 60 ሄርዝ ማለት በሰከንድ 60 ጊዜ ማለት ነው። ፎርኬ የሚባለው ምስል ከተለመደው 1920 በ1080 ምስል አራት እጥፍ ነጥብ ስላለው ኬብሉ የሚሸከመው መረጃም በዚያው ልክ ይጨምራል። ኤችዲኤምአይ ምስልና ድምፅ በኬብል የሚተላለፍበት ደረጃ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬን እስከ 30 ሄርዝ ድረስ ሲያስተላልፍ፣ 60 ሄርዝ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 ነው። ስለዚህ በአነስተኛ ምስል ያለ እንከን የሠራ አሮጌ ኬብል በፎርኬ ሲፈተን ስክሪኑን ለአንድ ሁለት ሰከንድ አጥቁሮ ሊመልሰው ይችላል። በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያም አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብቶ ቁጥሩን ወደ 30 ሄርዝ ዝቅ ማድረግ ነው፤ መቋረጡ ከቆመ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ኬብሉና በመካከል ያለው አዳፕተር ናቸው። በእኔ እምነት ማንኛውም ሰው ለጥገና ከመክፈሉ በፊት አጭርና ጥራት ያለው ኬብል ተውሶ ሊሞክር ይገባል።

የብርሃኑ መዋዠቅ ከዚህ ይለያል። አንዳንድ ሞኒተሮች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት የጀርባ መብራቱን በፍጥነት እያበሩ በማጥፋት ስለሆነ፣ ብሩህነቱ ዝቅ ሲል ዐይን ሊደክም ይችላል፤ በስልክ ካሜራ ሲታዩም ጥቁር መስመሮች ሊያልፉባቸው ይችላሉ። ብሩህነቱን ወደ 100 ማድረስ ብዙ ጊዜ ያስቆመዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በተጣደ ቁጥር ስክሪኑ የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የቮልቴጅ መውረድ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞኒተሩን ከምጣዱ መስመር መለየት ወይም ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር መጠቀም ይሻላል። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅሎ በባትሪ ሲሠራ መርገብገቡ ከቆመም ቻርጀሩና የምድር ሽቦው መታየት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ታስክ ማናጀርን፣ መክፈት ነው። ይህ መስኮትም ከሌላው የስክሪኑ ክፍል ጋር አብሮ ከተርገበገበ የስክሪኑን ድራይቨር (ዊንዶውስ ምስሉን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ማደስ ወይም ወደ ቀድሞው መመለስ፣ እሱ ብቻ ጸንቶ ከቆመ ደግሞ ያልተስማማውን ፕሮግራም ፈልጎ ማደስ ወይም ማስወገድ ያስፈልጋል።